ፍሬን የለሽ በፈቃዱ

በድሬዳዋ ያለ ፍሬን ብስክሌት መንዳት ነውር ሆኖ አያውቅም። እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን መፋቅ ሲጀምር ፍሬኑ ተፈትቶ ይጣልና ሥራውን የግራ እግር ጫማ ይረከበው ነበር፤ ሶሉን ጎማው ላይ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። የግራ ጫማው ከቀኙ ቀድሞ የሳሳ ልጅ ባለብስክሌት መሆኑን ጫማ ሰፊው ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። ጫማውም ሲያልቅ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዘው ብሎ መግባት ነው። አሸዋው ያላቆመው ብስክሌት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ ከጀርመን ለዕረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ትልቅ ካርቶን አስጎትቶ ሲገባ፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ የልጅነቴ ድህነት ተወልውሎ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። እናቴማ ቴሌቪዥን ነው ብላ የኮመዲኖውን ዳንቴል አንስታ ቦታ አዘጋጅታለት ነበር። የወጣው ግን ቀጭን፣ ጥቁር፣ ራቁቱን የቀረ ብስክሌት ነው፤ ማርሽ የለው፣ ደወል የለው፣ መብራት የለው፣ ጭቃ መከላከያ የለው፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ የለው፣ ማቆሚያ እግር እንኳ የለው። መሪው ግራና ቀኙ ተቆርጦ ሁለት እጅ ተጨናንቆ የሚይዘው አንድ ክንድ የማይሞላ ዱላ ሆኗል።

«ፍሬኑስ?» አልኩት።

«የለውም፣ ጋሼ።»

«መንገድ ላይ ጠፋብህ?»

«አልጠፋም። የሚፈለገው እንዲህ ሆኖ ነው።»

እናቴ ብስክሌቱን ዙሪያውን ተመለከተችና «ታዲያ ይህ ሁሉ ሲጎድል ስንት ቀነሱልህ፣ የኔ ልጅ?» አለችው። እንዳልቀነሱለት፣ እንዲያውም ነገሩ በጎደለው ልክ እንደሚወደድ ሲያስረዳት ዝም አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ልጇ በሰው አገር ብቻውን ሆኖ የተታለለባት እናት ኀዘን ነው።

ይህ ብስክሌት ፊክስድ ጊር፣ በወዳጆቹ ቁልምጫ ደግሞ ፊክሲ ይባላል። የእኛው ብስክሌት መርገጥ ስታቆም ጎማው ለብቻው እየዞረ ይወስድሃል። በፊክሲ ግን የኋላው ጥርስ ከጎማው እምብርት ጋር አንድ ላይ ተጠብቆ የታሰረ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፔዳሉ ከዞረ እግርህ ይዞራል፤ እግርህ ደክሞት ከሆነ ጉዳዩ የእግርህ ነው። ለማቆም ክብደትህን ወደ ፊት ጥለህ እግርህን ቆልፈህ የኋላውን ጎማ አስፋልት ላይ ታንሸራትተዋለህ። ወደ ኋላ ከረገጥከውም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይህን የእህቴ ልጅ ከዚራ ሰፈር ላይ ሲያሳይ አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ወሪያ! ምን ረስተህ ነው የምትመለሰው?» ብሎታል።

ነገሩ የተወለደበትን ቦታ ብናይ እብደት የለበትም። በኦሊምፒክ ውድድር የሚሮጥበት ቬሎድሮም ዙሪያው 250 ሜትር የሆነ የእንጨት ሜዳ ነው፤ እዚያ ሁሉም ሰው በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ከፊቱ ያለው በድንገት አይቆምም፣ ፍየል አያቋርጥም፣ የሰፈር ሰው «ቆይ አንዴ!» ብሎ አይጠራም። ፍሬን ከእንዲህ ያለ ቦታ ቢቀር የሚጎዳ የለም። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ ቀፊራ ገበያ በር ላይ የመጣ ጊዜ ነው ሃይማኖት የሚሆነው።

እኔ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን መርገጤን ያቆምኩበትን ቅጽበት ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሁለቴ ረግጦ አራቴ እያረፉ መንሳፈፍ የድሬ ሰው በዚህ ዓለም ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ ነው። ሰላምታችንም የተበጀው በዚህ ልክ ነው። አንዱን «አካም»፣ ሌላውን «ነበድ»፣ ሦስተኛውን «እንዴት አደርክ አቦ» ብሎ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ የልጆቹን ደኅንነትና የሚስቱን ሕመም ጠይቆ ለመጨረስ እግር ሥራ መፍታት አለበት። እየረገጡ የሚሰጥ ሰላምታ የዕዳ ክፍያ ይመስላል።

የእህቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን ቅሬታ መጣበት። ሻይ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች «ልጃችሁ ኮራብን፤ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፣ እግሩ አይቆምም» አሉ። እግሩ የማይቆመው ፔዳሉ ስለማይፈቅድለት መሆኑን ባስረዳም «ታዲያ የብስክሌቱ ባለቤት ማን ነው?» ብለው አፌን አስያዙኝ። በማግስቱ ልጁ ጥፋቱን ሊያርም ፊት ለፊታቸው ቆመ፤ ያውም ትራክ ስታንድ በሚሉት ዘዴ፣ እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ የፊቱን ጎማ አጣሞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያወዛወዘ። በዓለም ከተሞች የትራፊክ መብራት ሥር ይህ የጥበብ ሁሉ ቁንጮ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ልጁ ሲቁነጠነጥ ለጥቂት ጊዜ አይተውት በርኅራኄ ድምፅ «ልጄ፣ ሽንት ቤቱ በጓሮ በኩል ነው፤ አትፈር» አሉት።

እንዲህ ያለው ነገር ግን እምነቱን አላናጋውም። በስልኩ ላይ ከመሰሎቹ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት፤ ባለማርሽ ሰነፍ ነው፣ ባለፍሬን ፈሪ ነው፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ያስገጠመ ደግሞ ብስክሌት ነጂ ሳይሆን ጋሪ ነው። በዚህ መለኪያ የፊኒክስ ብስክሌቱን ላስቲክ ጠቅልሎ፣ መስታወት ሰቅሎ፣ በጎማው እምብርት ላይ ባለቀለም ጭራ አስሮ የሚንጎራደደው ጎረቤቴ ከሰው ቁጥር ይወጣል። ጎረቤቴ በበኩሉ ፊክሲውን አይቶ «ምስኪን፣ ሌቦች ሁሉንም ፈተው ወስደውበታል» ብሎኛል።

ከሁሉ የደነቀኝ ሻንጣው ነው። በአንድ ትከሻ ላይ ወርዶ ደረት ላይ በማሰሪያ የሚቆለፍ፣ ከኒውዮርክ መልእክት አድራሾች የተወረሰ ቦርሳ አለው። እነዚያ ሰዎች ፊክሲን የወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚሰበር ነገር የለውም፣ ለጥገና ገንዘብ አያስወጣም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያደርሱ ውለው ሌባ የሚፈታላቸው ዕቃ አይኖርም። ከዚያ ፋሽን አየና የእነሱን ችግር በሦስት እጥፍ ዋጋ ለሌላው ሸጠ። የእህቴ ልጅ ይህን ታሪክ ቡና አፍልተን ሲተርክልን በራችን ላይ አንድ ጎረምሳ በዛገ ብስክሌት፣ ፍሬን ሳይኖረው፣ ከአወዳይ የመጣ ጫት ከኋላው በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ጭኖ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ በርጫ ለሚጠብቁ ሰዎች ሊያደርስ እንደ ጥይት አለፈ። ጫት ካደረ ዋጋ የለውምና ከእርሱ የበለጠ የሚቸኩል መልእክት አድራሽ በኒውዮርክም አይገኝም። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ከእኛ መካከል ነገሩን በቁም ነገር ያየው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ወዳጄ ብቻ ነው። እርሱ ፈረንሳይኛውን ከሥራው ጋር ጡረታ አላወጣውም፤ ድሬ የተወለደችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ መሆኑን በየቀኑ አንድ ጊዜ ካልተናገረ ምሳ አይወርድለትም። ብስክሌቱን አንስቶ ፔዳሉን በእጁ አዞረና ዓይኑ በራ። «ይሄማ ሎኮሞቲቭ ነው!» አለ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፒስተንና መንኮራኩር በዘንግ ስለተያያዙ መንኮራኩሩ እስከዞረ ድረስ ዘንጉ አያርፍም። ቀጥሎም ድሬ በተወለደች በዓመቷ፣ በ1903፣ የፈረንሳይን ዙር ውድድር ስለጀመረው አንሪ ዴግራንዥ አወራን፤ ሰውየው ማርሽ መቀያየር ዕድሜው ከ45 ላለፈ ሰው ነው የሚል አቋም ስለነበረው በፔዳል ላይ ሳሉ ማርሽ የሚቀይረው መሣሪያ ለውድድሩ የተፈቀደው በ1937 ነው። የእህቴ ልጅ የሃይማኖቱን አባት እንዳገኘ ሰው ፊቱ ፈካ።

«አየህ ጋሼ?» አለኝ።

ጡረተኛው ግን አልጨረሰም ነበር። «እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ አቦ ለእኔ ማርሹን ስጡኝ» አለ። ከዚያ ብስክሌቱን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ደግሞም ልጄ፣ ሎኮሞቲቩ ፍሬን ነበረው።»

ያኔ ልጁ ከደንገጎ ተራራ ወደ ድሬ ቁልቁል የመውረድ ዕቅዱን አወጣ። ጡረተኛው እርሳስ ጠየቀ። የፊቱ ጥርስ 48፣ የኋላው 16፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስቴ ይዞራል፣ ይህም ወደ 6 ሜትር ከ30 ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትወርድ እግርህ በደቂቃ ከ130 ጊዜ በላይ መዞር አለበት፤ ከዚያ በላይ ፔዳሉ እግርህን ይነዳዋል እንጂ እግርህ ፔዳሉን አይነዳውም። ከፊትህ ደግሞ ጭነት መኪና አለ። እናቴ ሒሳቡን አልተከታተለችም፤ ነገር ግን በዚያው ምሽት ብስክሌቱ ከእህል ጆንያዎቹ ጋር ዕቃ ቤት ተቆለፈበት፣ ቁልፉም መቀነቷ ውስጥ ገባ።

ከሁለት ቀን በኋላ በሽምግልና ሲፈታ ደግሞ ጎማው አለቀ። ማለቁ አልገረመኝም፤ የገረመኝ ያለቀበት ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ አዲስ ሆኖ አንድ መዳፍ የምታህል ስፍራ ብቻ ክሩ እስኪታይ ተልጣ መላጣ ወጥታለች። አሸዋ ገበያን ዞረን እንዲህ ቀጭን ጎማ አጣንና ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ወሰድነው። ጎሚስታው ጥርሶቹን በጥፍሩ እየነካ ቆጠረ፣ ፔዳሉን አዞረ፣ አቆመ፣ እንደገና አዞረ። «48 ለ16 ሲካፈል ሦስት፤ ትርፍ የለውም» አለ። «አንተ ሁልጊዜ ቀኝ እግርህን አስቀድመህ ትቆልፋለህ፤ ስለዚህ በቆለፍክ ቁጥር መሬት የሚነካው ያው ቦታ ነው። ከኋላ 17 ጥርስ ብታስገባበት 17 ቦታ እየተፈራረቀ ያልቅልህ ነበር።» ይህን ያለው ሰው ሌላኛው እጁ የከመነዳሪ ቀዳዳ በውኃ ሳፋ ውስጥ ይፈልግ ነበር። የእህቴ ልጅ በሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረው አልነበረም።

ጎሚስታው ግን ጎማውን ከፈታ በኋላ ዝም አለ። አገላብጦ ወደ ፀሐይ አቀረበውና እምብርቱን በጨርቅ ጠረገው። «ይህ ጎማ እኮ ሁለት ፊት ነው፣ አቦ። በዚያኛው ጎን ሌላ ጥርስ የሚገባበት ጥምዝ አለው። ብትገለብጠው እንደ ሰው ብስክሌት እያረፈ ይሄዳል።»

ልጁን አየሁት። እርሱ የአስፋልቱን ስንጥቅ ያያል። በጥያቄ ብዛት የወጣው እውነት እንዲህ ነው፤ በጀርመን ሕግ ማንኛውም ብስክሌት በየራሳቸው የሚሠሩ ሁለት ፍሬኖች ሊኖሩት ይገባል፤ ፖሊስም ስላለ የእህቴ ልጅ እዚያ የሚነዳው ፍሬን አስሮ ነው። ፍሬኖቹ ሻንጣው ውስጥ፣ ካልሲዎቹ መካከል፣ በላስቲክ ተጠቅልለው አብረውት መጥተዋል። የፈታቸው ወደ ድሬ ሲመጣ ነው፤ እዚህ ማንም አይጠይቅም ብሎ።

ጎሚስታው አልሳቀበትም፤ ሥራ ላይ ሳለ አይስቅም። ከቆርቆሮው ውስጥ የአሮጌ ፊኒክስ ጥርስ አውጥቶ ከጀርመኑ እምብርት ጋር ሲያሽከረክረው ለእርሱ የተሠራ ይመስል ልክክ ብሎ ገባ። ካቴናውን አስተካከለ። መላጣዋን በትርፍ ጎማ ቁራጭ ከውስጥ ደገፋት። «አሁን ግን እግር አያቆመውም፤ ፍሬኖቹን ሳታመጣ ብስክሌቱን አልሰጥህም» ብሎ ወንበሩን አገደመበት። ልጁ ሄዶ አመጣ። ሲመለስ «ለሙከራ ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለኝ፤ ፎቶ እንዳላነሳውም አስማለኝ።

በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ድሬ መዝጊያዋን ገርበብ አድርጋ፣ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ በርጫው ላይ ተሰይሞ ሳለ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። ፊክሲ ድምፅ የለውም፤ ያ የሚያርፈው ጥርስ ግን ሲያርፍ ይናገራል። በመንገዱ ጫፍ በኩል ጥጥጥጥጥ የሚል ረጅም፣ የማይቋረጥ፣ ጌታ የሆነ ድምፅ መጣ። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮለቅሁ። የእህቴ ልጅ ሁለት እግሩን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ፣ ሻይ ቤት በር ላይ ላሉት ሽማግሌዎች እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንድም ጊዜ ሳይረግጥ አለፈ።