ቦቢ አማረረኝ!

እናቱ የሰፈር ውሻ፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠኝ። “ክልስ ብልህ ነው” ያለኝን ሰው ባገኘው! ብልህስ ብልህ ነው፤ ለተንኮል።

ትናንት ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀም። ነጠላዬን ከገመዱ አውርዶ ጭቃ ለጭቃ ይጎትተዋል። ስሮጥ ሮጠ። አንድ ጆሮው ቆሞ፣ አንዱ ወድቆ፣ ጭራውን እየቆላ ዞር ብሎ ያየኛል። ለካ ጨዋታ መስሎታል! መጮህና ማባረር ለሱ ሽልማት ነው። ይሄን የተማርኩት ሦስት ጫማ ካስበላሁ በኋላ ነው።

“ቁጭ በል” ስለው ይቀመጣል፤ እጄ ላይ ሥጋ ካለ። ባዶ እጄን ካየ አማርኛ አይሰማም። “ጥርስ እያወጣ ነው፣ ያኝካል” ተባልኩ፣ ታገስኩ። አሁን 8 ወር ሞላው፤ ጥርሱ ወጥቶ አልቋል እኮ!

እኔ ስለፋ እማዬ ከኋላዬ እንጀራ በወጥ ታጎርሰዋለች። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ብላት “ልጅ ነው፣ ተይው” ትላለች። ጎረቤት ደግሞ “እሰሪው” ይለኛል። ቀን ሙሉ ታስሮ ውሎ ማታ ሲፈታ አይተውታል? ሮኬት ነው!

ስለዚህ በየጠዋቱ 12 ሰዓት ገመድ ይዤ እወጣለሁ። አሠልጣኟ እኔ፣ ጎታቹ እሱ። ይሄው ይሄን ስጽፍ ደግሞ አንዱ ሲሊፐሬ የለም።