ለማንም እንዳትናገር

የመስቀል ሰሞን አዲስ አበባ ጭር ትላለች። መርካቶ ውስጥ ሱቆች እየተከታተሉ ይዘጋሉ። በወልቂጤና በቡታጅራ በኩል የሚወጣው መንገድ በተቃራኒው በመኪና ይጨናነቃል። ጉራጌ ዓመቱን ሙሉ የትም ይክረም የት፣ ለመስቀል አገር ቤት ይገባል። ክትፎው የሚጥመው እዚያ ነው፤ የሽማግሌ ምርቃትም ያለው እዚያ ነው። ጣጣው ተዘግቶ የሚቀረው ቤት ላይ ነው።

ፖሊስ በዓል በመጣ ቁጥር ይመክራል። ቤታችሁን በሚገባ ዝጉ፣ አጠራጣሪ ነገር ስታዩ 991 ደውሉ ይላል። ሰው ግን የሚሰማው የአማቱን ምክር ነው። አማት ደግሞ ምክሯ አንድ ነው፦ «መሄዳችሁን ማንም እንዳይሰማ!»

እኛ ሰፈር ይኼ አይሆንም። ለእድሩ ሳትነግር ብትሄድና ለቅሶ ቢደርስ ትቀጣለህ። ባለሱቁ ካልሰማ ዱቤህን ሳትከፍል የጠፋህ ይመስለዋል። ወተት የምታመጣው ሴትዮ ካልተነገራት በሩን ስትደበድብ ታረፍድና «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» እያለች ቤት ለቤት ትጠይቃለች። ስለዚህ ለሁሉም ይነገራል። ብቻ በጆሮ ነው፣ «ለማንም እንዳትናገር» እየተባለ።

ጎረቤታችንም አምና እንደዚያው አደረገ። ለእኔ የነገረኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከኋላችን የቆሙት ሁለት ሰዎች «በሰላም ግቡ!» አሉት።

ከምስጢሩ ይልቅ ያስጨነቀው ጓጉንቸሩ ነበር። እውነቱን ነው። ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር «ባለቤቱ የለም» ተብሎ በር ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቤተሰቡን መኪና ውስጥ አስገባ። የውጭውን በር ከውስጥ ቆለፈና አጥሩን ሊዘል ወጣ። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አለ፤ ያስተከለው ራሱ ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፎ ጣል አደረገበት። አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ግቢ ውስጥ እንዳለ የሰፈሩ ጥበቃ ፊሽካውን ነፋ።

«ሌባ! ሌባ!»

ሁላችንም ዱላ ይዘን ወጣን።

«አረ እኔ ነኝ!» አለ ከላይ።

«አታሞኘኝ! ባለቤቱማ አገር ቤት ሄደዋል» አለ ጥበቃው። «ለማንም እንዳትናገር ብለው ራሳቸው ነግረውኛል።»

ባትሪ ሲበራበት ታወቀ። ጥበቃው ደንግጦ «ይቅርታ ጋሼ» አለና እግራቸውን ደግፎ አወረዳቸው። ከእንቅልፉ የተነሣው ሰፈር በሙሉ መርቆ ሸኛቸው። ወልቂጤ ላሉ ዘመዶቿ ቡና የላከችም ነበረች።

ሚስትየዋ ደግሞ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል የበረንዳውን መብራት አብርታ፣ ሁለት ሱሪ ገመድ ላይ አስጥታ ነው የሄደችው። መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ሲበራ ዋለ። የካርዱ ሒሳብ ሲያልቅ ግን ጠፋ፤ ፍሪጁም አብሮ። ሱሪዎቹን የመስከረም ዝናብ ሲወርድባቸው ዋለ፣ ዘሎ ወጥቶ የሚያነሣ ጠፋ። የአዲስ አበባ ሌባ ይኼን አይቶ ካልገባው ሥራውን ቢለቅ ይሻለዋል።

የመስቀል ማግስት ከበሩ ሥር ውኃ መፍሰስ ጀመረ። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰፈር ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ቧንቧው ጭጭ ሲል ከፍተኸው ትረሳለህ፤ ውኃው የሚመጣው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ደወልንለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አልሰማ አለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው።

«ቁልፉ የት ነው?»

«ከአበባው ሥር! በስተግራ ካለው አበባ! ለማንም እንዳትናገሩ!»

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሊስትሮው ሳይቀር ቀና ብሎ ወደ ግቢው አየ።

የውጭው በር ከውስጥ ስለተቆለፈ የግድ መዝለል ነበረብን። የዘለለው ጥበቃው ነው። ብርድ ልብሱ እዚያው አጥሩ ላይ ነበርና አልተቸገረም። ከውስጥ ከፈተልንና ተከታትለን ገባን። የኩሽናው ቧንቧ ተዘጋ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ፣ ሴቶቹ ወለሉን ወለወሉ። ደክሟቸው ስለነበር እዚያው ቡና ተፈላ፤ ስኳሩን ለማግኘት ቁም ሳጥኑን በሙሉ መክፈት ግድ ሆነ።

ጎረቤታችን እንደተመለሰ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከአንድ ትልቅ ድስት በስተቀር የጎደለ አልነበረም። እሱንም የወሰደው እድሩ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጠፋ ተብሎ ከመዝገብ የተሰረዘ የእድር ድስት ነበር።