የድብደባ ሰርቬይ ወሎን አይጠይቅም

አሜሪካ አንድ አገር ላይ ሚሳኤል በጣለች ቁጥር ሁለት ሶስት ቀን ሳይሞላው አንድ ሰርቬይ ይወጣል። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ ተብሎ ይጠየቃል፣ በመቶኛ ይሰላል፣ ዜና ይሆናል። ሰኔ 15 ቀን 2017 ሌሊት ኢራን ውስጥ ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን ያሉት የኒውክሌር ጣቢያዎች ሲመቱም ያው ነበር፣ 7 ቢ-2 አውሮፕላኖች 14 ትልልቅ ቦምብ ጥለው ሄዱ፣ ከዛ ሮይተርስና ኢፕሶስ ባወጡት ጥናት 36 በመቶው አሜሪካዊ ደገፈ፣ 45 በመቶው ተቃወመ፣ የቀረው አላውቅም አለ። እኔ ቁጥሩ ላይ ፀብ የለኝም። አገሩ የነሱ ነው፣ ግብሩ የነሱ ነው፣ አብራሪዎቹም የነሱ ልጆች ናቸው፣ ይጠየቁ። ፀቤ እኛ እዚህ ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ቁጭ ብለን ያንን ቁጥር እንደ ፕሪሚየር ሊግ ውጤት ስናነበው ነው፣ አንዱ ኢራንን ይዞ፣ አንዱ እስራኤልን ይዞ፣ ሶስተኛው ደግሞ ትራምፕ ጀግና ነው ብሎ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ።

አንድ ነገር ልበላችሁና ከዛ ትሰድቡኛላችሁ። «ትንሽ ነው፣ አጭር ነው፣ ወታደር አናስገባም» እየተባለ የሚደረግ ድብደባ መጠኑ የሚወሰነው የሚመታውን መንግሥት አይቶ አይደለም፣ አገር ቤት ያለው ህዝብ ምን ያህል ይችላል ተብሎ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያረካው ያንን ህዝብ ብቻ ነው፣ እሱንም ለአንድ ሳምንት።

ሶሪያን እንይ። በፈረንጅ 2013 ነሐሴ ላይ ደማስቆ አጠገብ ጉታ በተባለው ሰፈር ሰው በሳሪን ጋዝ አለቀ፣ ኦባማ ቀይ መስመር ብሎ ስለነበር ሁሉም አሁን መታ ብሎ ጠበቀ። የእንግሊዝ ፓርላማ 285 ለ272 በሆነ ድምፅ አይሆንም አለ፣ አሜሪካም ውስጥ ፒው የሚባለው የጥናት ድርጅት ሲጠይቅ የደገፈው 29 በመቶ ብቻ ሆነ። ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ጆን ኬሪ ህዝቡን ለማግባባት ብሎ የምናደርገው ጥቃት ለማመን የሚከብድ ትንሽ ነገር ነው አለ! እስኪ አስቡት፣ ሰው በጋዝ የፈጀ መንግሥት ልትመታ ነው፣ የምታስፈራራበት ቃል ደግሞ «አይዟችሁ ትንሽ ናት» የሚል። ያንን የተናገረው ለሶሪያው መሪ ለአሳድ አይደለማ፣ ኦሃዮ ላለ መራጭ ነው። በመጨረሻ ሳይመቱ ቀሩ፣ ሩሲያ ገባችበትና 1,300 ቶን ገደማ የኬሚካል መሣሪያ ከሶሪያ ወጣ። ሁሉም አልወጣም፣ የተደበቀ እንደነበረ በኋላ ታይቷል፣ ግን ያልተተኮሰው ሚሳኤል በኋላ ከተተኮሱት የበለጠ ስራ ሰራ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በ2017 (አሁንም በነሱ) ካን ሼኹን ላይ ደግሞ ጋዝ፣ ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ትራምፕ ኤፕሪል 7 ቀን 59 ቶማሃውክ የሚባል ሚሳኤል ሻይራት የተባለ የአየር ሰፈር ላይ ላከ፣ ሩሲያኖቹ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፣ እና በማግስቱ ከዛው ሜዳ አውሮፕላን ይነሳ ነበር። ሰርቬዩስ? እዚህ ጋ ነው እኔን የገረመኝ። ዋሽንግተን ፖስትና ኤቢሲ እንዳወጡት በ2013 ሶሪያን መምታት የሚደግፈው ሪፐብሊካን (የትራምፕ ፓርቲ ሰው) 22 በመቶ ነበር፣ በ2017 86 በመቶ ሆነ። ያው ሶሪያ፣ ያው አሳድ፣ ያው ጋዝ። የተቀየረው ዋይት ሀውስ የተቀመጠው ሰውዬ ብቻ ነው። የኦባማ ፓርቲ ዴሞክራቶቹ 38 የነበሩት 37 ሆኑ፣ እነሱ ቢያንስ አቋማቸው ላይ ፀኑ። ከዛስ? ልክ በዓመቱ፣ ያው ኤፕሪል 7 ቀን፣ ዱማ ላይ ደግሞ ጋዝ። አሁን አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሆነው 105 ሚሳኤል። አሳድ ደማስቆ ተቀምጦ ኖረ፣ የወደቀው በ2024 ዲሴምበር መግቢያ ላይ የገዛ አገሩ ታጣቂዎች ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አሌፖን፣ ሃማን፣ ሆምስን እየያዙ መጥተው ነው። ከነዛ ሁሉ ቶማሃውኮች አንዱም አልጣለውም።

ወደኋላም ብትሄዱ ያው ነው። በፈረንጅ 1986 ሬገን ሊቢያን ሲመታ ጋሎፕ ጠይቆ 71 በመቶ ደግፎታል፣ በርሊን ዳንስ ቤት ለፈነዳው ቦምብ መልስ ነው ተብሎ፣ ጋዳፊ አርፎ ይቀመጣል ተብሎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሎከርቢ ላይ አውሮፕላን ፈንድቶ 270 ሰው አለቀ፣ በዛ ጉዳይ የተፈረደበትም የሊቢያ የስለላ ሰው ነው። ያኔ ተመልሶ «ያ 71 በመቶ አሁንም አለ?» ብሎ የጠየቀ የለም። በፈረንጅ 1998 ደግሞ ጎረቤታችን ካርቱም ውስጥ አል ሺፋ የሚባለውን የመድኃኒት ፋብሪካ መቱት፣ የኬሚካል መሣሪያ ይሰራበታል ተብሎ፣ አሳማኝ ማስረጃ ግን ሳይቀርብ ቀረ። የሱዳን ህዝብ መድኃኒት ከየት አመጣ የሚል ጥያቄ ሰርቬዩ ላይ አልነበረም፣ አይኖርምም።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ከወሎ ጋ ምን አገናኘው የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ያለችውን እናት ልንገራችሁ። ልጇ ዶሃ ሰው ቤት ነው የምትሰራ። ሰኔ 16 ማታ 1 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ኢራን የአሜሪካኖቹን ድብደባ ለመመለስ ብላ ኳታር ያለው አል ዑደይድ ጦር ሰፈር ላይ ሚሳኤል ስትተኩስ ቤቷ ቡና ላይ ነበርን፣ ሁለተኛው እየተቀዳ። ስልኳ ኢሞ ላይ ጮኸ። ልጅቱ እየተንተባተበች «እማዬ ሰማዩ በራ፣ እንደ ርችት፣ ማዳም ልጆቿን ይዛ ኮሪደር ገባች እኔ ኪችን ነኝ» ትላለች፣ እናትየው ደግሞ «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ አንቺም ግቢ እንጂ፣ አብረሻቸው ግቢ!» ትላለች፣ ልጅቱ «አልጠሩኝም» አለች። ከዛ ኔትዎርኩ ተቆራረጠ። እናትየው ወደኔ ዞራ «ለመሆኑ ማንና ማን ነው የተጣሉት? ዶሃ ምን አድርጋ ነው?» አለችኝ፣ እኔም ስለ ፎርዶና ስለ ሴንትሪፉጅ ማስረዳት ጀመርኩና መሃል ላይ አፍሬ ተውኩት። ያን ቀን ኳታር ውስጥ ሰው አልሞተም፣ አልሃምዱሊላህ፣ ከሚሳኤሎቹ አብዛኞቹ አየር ላይ ከሽፈዋል። ግን ከሃይቅ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከወረባቦ፣ ልጅ አረብ አገር ያልላከ ቤት ስንት ነው? በአረቦቹ ሰማይ ላይ የሚያልፍ ነገር ሁሉ እኛ ቤት ላይ ነው የሚያልፈው።

ዶሃ ያለችውስ ተረፈች። በባህር የሄዱትስ? በአፋር አድርገው፣ ጅቡቲ ኦቦክ ደርሰው፣ በጀልባ የመን የሚገቡት? አሜሪካ በ2017 (አሁን በኛ) መጋቢት ላይ ሁቲ የሚባሉትን የየመን ታጣቂዎች በአየር መምታት ጀመረች፣ በሚያዝያ መጨረሻ በኦማን ሽማግልና አቆመች። በዚህ መሃል ሚያዝያ 20 ቀን የመን ሰዓዳ ውስጥ ስደተኞች ታስረው የነበሩበት ግቢ ተመታ። ሁቲዎች ያወጡት ቁጥር ቢያንስ 68 ሰው ሞቷል የሚል ነው፣ ከሞቱት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ አምነስቲም ጉዳዩ እንደ ጦር ወንጀል ይመርመር ብሏል። ሳዑዲ ደርሰው ፍየል ሊጠብቁ፣ ጉልበት ሊሸጡ የወጡ ልጆች ናቸው። ያን ሰሞን አሜሪካኖቹ ስለዛ ዘመቻ ሲጨቃጨቁ የከረሙት በምን ጉዳይ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? በሲግናል ግሩፕ። ባለስልጣኖቹ የድብደባ እቅድ ቻት ላይ ሲያወሩ በስህተት ጋዜጠኛ አስገብተው፣ ቦምቡ ከወደቀ በኋላም የቡጢና የእሳት ኢሞጂ ተለጥፎ። ሚስጥር ወጣ ተብሎ አገር ታመሰ። የሰዓዳ ነገር በአንድ ቀን ዜና አለቀ፣ እኛም ዘንድ ያው ነው፣ እውነት ለመናገር፣ በዛው ሳምንት ፌስቡካችን ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር።

አሁን ወደኛ ታሪክ ልምጣ፣ ምክንያቱም የውጭ አገር ህዝብ አስተያየት ደሴ ድረስ መጥቶ ያውቃል። በፈረንጅ 1935 ጣሊያን ሊወረን እየተዘጋጀ እያለ እንግሊዝ አገር ቤት ለቤት እየዞሩ ህዝቡን ድምፅ አስሰጡት፣ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። አንድ አገር ሌላውን ቢወር ሌሎች ተባብረው በኢኮኖሚ ማዕቀብ ያስቁሙት ወይ ሲባል ከ10 ሚሊዮን በላይ አዎ አለ። ካስፈለገስ በጦር? 6.8 ሚሊዮን ገደማ አዎ፣ 2.4 ሚሊዮን ገደማ አይ። ከዛ በላይ ምን ድጋፍ ይፈለጋል? መንግሥታቱ ግን ማዕቀቡን አደረጉና ነዳጁን ከውስጡ አወጡት፣ የጣሊያን መርከብ የሚያልፍበትን የስዊዝ ካናልንም ክፍት ተውት። የህዝባቸውን ልብ የሚያሳርፍ፣ ሙሶሊኒን የማያስቆም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴ ላይ ቦምብ አወረደ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ፣ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ የዛ ቀን ነው። ከዛ ሰማዩ ጋዝ ማዝነብ ጀመረ፣ ቆቦ ማዶ ቆረምና አሸንጌ ላይ ምን እንደወረደ ከአያቶቹ ያልሰማ የራያ ሰው የለም።

ስለዚህ «ጨካኝ መንግሥት ዝም ይባል ወይ» ለሚለኝ ሰው መልሴ ዝም ይባል አይደለም። ጋዝ የወረደበት ህዝብ ልጅ ሆኜ ስለ ጉታ «የራሳቸው ጉዳይ» ልል አልችልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ልታስቆመው ከሆነ እስከ መጨረሻው ምን እንደምታደርግ ለህዝብህ ንገረው፣ ከዛ አስተያየቱን ጠይቀው። የአንድ ሌሊት ብቻ ነው ብለህ ከሸጥክለት ግን የሚደግፈው ያችን አንድ ሌሊት ነው፣ ሁለተኛው ቀን ማንም አልፈረመበትም። እና ሁለተኛው ቀን ሁልጊዜ ይመጣል፣ ኢራን ዶሃ ላይ የተኮሰችው በማግስቱ ነው። ለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ሌላ አስረጂ አያስፈልጋቸውም፣ በ2014 ለሁለት ቀን ብሎ ልብሱን ሳይዝ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ስንት ወር እንደቆየ ራሱ ያውቀዋል።

ነዳጁም አለ፣ እሱን ብዙ አላወራም። ሆርሙዝ የሚባለው የባህር መተላለፊያ ላይ ትንሽ ነገር ሲነካካ የዓለም ነዳጅ አንድ አምስተኛው የሚያልፍበት ስለሆነ ወሬው ብቻ ዋጋ ያስጨምራል፣ የኛም ቤንዚን ከዛው ከባህረ ሰላጤው መጥቶ በጅቡቲ ነው የሚገባው። የባጃጅ ሹፌር ስለ ፎርዶ ምን ያስባል ብሎ የሚደውልለት ኢፕሶስ የለም እንጂ ቢደውልለት ጥሩ መልስ ያገኝ ነበር።

እና ማንን እንደግፍ የሚለው ጭቅጭቅ ለጊዜው ይቆየንና ለራሳችን መንግሥት የምንጠይቀው ጥያቄ አለን። በኛ 2017 መስከረም ቤሩት ስትደበደብ ማዳሞቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሲሄዱ አንዳንዶቹ ልጆቻችንን ቤት ቆልፈውባቸው ሄደዋል፣ ሌሎቹ ጎዳናና ባህር ዳርቻ ላይ ነው ያደሩት። ቀጣዩ ኩዌት ወይ ሪያድ ላይ ቢሆን ልጆቹ የት ነው የሚሰበሰቡት? ማን ጋ ነው የሚደውሉት፣ በየትኛው ስልክ? ፓስፖርቷን ማዳም የያዘችባት ልጅ በምን ትወጣለች? በኮንትራት የሚሄዱት ከመሄዳቸው በፊት ስልጠና ይወስዳሉ፣ ከሰለጠኑት እንደሰማሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን፣ ካውያውን፣ ኦቨኑን፣ የህፃን አያያዙን በደንብ ያሳዩዋቸዋል። ሳይረን ሲጮህ ከኪችን ወጥተሽ፣ ሳይጠሩሽም ቢሆን፣ መስኮት የሌለው ክፍል ግቢ የሚል ትምህርት ግን አንዷም አልተሰጣትም። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ በጀትም አይፈልግም፣ የሚቀጥለው ዙር ሰልጣኝ ሳይሄድ መጀመር ይቻላል።