ማስተካከያ፦ አረጋውያን እንዳይወድቁ «ቁጭ ይበሉ» የሚለው ምክር ልክ አይደለም

ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ያለ መልእክት «አረጋውያን ቤት ውስጥ እንዳይወድቁ እንቅስቃሴ ይቀንሱ፣ ምንጣፍ ይነሳ፤ ወድቀው ከተነሱና ካላመማቸው ችግር የለም» ይላል። እንቅስቃሴ ይቀንሱ የሚለው መታረም አለበት። ብዙ ሲቀመጡ የእግር ጡንቻ ይደክማል፣ ሚዛን መጠበቅ ያቅታል፣ የመውደቅ አደጋውም ይብሳል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ዕድሜያቸው 65 ከሞላና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶው በየዓመቱ ይወድቃሉ፤ እግርንና ሚዛንን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ደግሞ ይህን ይቀንሳል።

ስለ ምንጣፍ የተባለው ልክ ነው፣ የሚንሸራተት ከሆነ ይነሳ። መድኃኒትን ግን መልእክቱ ጨርሶ ረስቶታል። የእንቅልፍና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ በተለይ ሌሊት ለሽንት ብድግ ሲሉ፣ ሊያዞሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጦ መነሳት፣ እስከ መጸዳጃ ቤት መብራት መተው፣ መድኃኒቱን ደግሞ በራስ ከማቆም ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ «ወድቀው ከተነሱና ካላመማቸው ችግር የለም» የሚለው ነው። አደገኛ ነው! ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ደም ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብሎ ሊፈስ ይችላል። «ደህና ነኝ» ቢሉም ሳይዘገይ ሐኪም ጋ ይወሰዱ።