ያሳየነውና ተማሪው ያየው

እ.ኤ.አ. በ1961 ጆርጅ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለሁለት እርግቦች አንድ ዓይነት ትምህርት ሰጠ። በቀይ መደብ ላይ ነጭ ጎነ ሦስት ሲበራ በምንቃራቸው ከነኩት እህል ያገኛሉ፤ በአረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ ክብ ሲበራ ግን ቢነኩትም ምንም የለም። ሁለቱም አወቁት። ከዚያ ሬይኖልድስ ቀለሙንና ቅርጹን ለያይቶ ለየብቻ አሳያቸው። አንደኛዋ ጎነ ሦስቱን መረጠች። ሁለተኛዋ የያዘችው ቀዩን ነበር፤ ጎነ ሦስቱን ከቁብ አልቆጠረችውም።

ሐረር ውስጥ ሒሳብ የምናስተምር ሰዎች ይህ ሙከራ ሊያሳስበን ይገባል። የክፍል ፈተና የሚነግረን ተማሪው ትክክለኛውን መልስ መምረጡን እንጂ በምን ምልክት እንደመረጠው አይደለም። ጎነ ሦስትን ሁልጊዜ መሠረቱን ወደ ታች፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገን ሰሌዳ ላይ ከሳልን፣ ልጁ የያዘው ሦስት ቀጥ ያሉ ጎኖች መኖራቸውን ይሁን "ታች ሰፍቶ ላይ የሾለ" መሆኑን በምን እናውቃለን? ቅርጹን ስናዞርበት የሚደናገር ተማሪ ብዙ ነው። ከፍታውን ፈልግ ሲባል መሠረቱን ትቶ ገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን መስመር የሚለካም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤድዋርድ ዋሰርማንና ባልደረቦቹ እርግቦች የድመት፣ የአበባ፣ የመኪናና የወንበር ፎቶግራፎችን እንዲለዩ አሠለጠኑ። ተከታታይ ሙከራዎቹ ያሳዩት ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከየዓይነቱ ጥቂት ፎቶ የተሰጣቸው እርግቦች ቶሎ ተማሩ፤ ብዙና የተለያየ ፎቶ የተሰጣቸው ዘገዩ። አይተውት የማያውቁት ድመት ወይም ወንበር ሲቀርብ ግን የተሻሉት የዘገዩት ነበሩ። እኛ ደግሞ ክፍል ውስጥ የምንሸልመው ፈጥኖ እጁን ያወጣውን ነው።

ትውስታ የመረዳትን ጉድለት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት እርግቦች 320 ፎቶግራፎችን ለይተው ከሁለት ዓመት በኋላም አልረሷቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌቨንሰንና ባልደረቦቹ በማይክሮስኮፕ የተነሣ የጡት ሕብረ ሕዋስ ምስል ለእርግቦች አሳዩ፤ እርግቦቹ ካንሰር ያለበትን ከሌለበት በመለየት በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ 85 በመቶ ትክክለኛነት ደረሱ፤ አዲስ ምስል ሲመጣም አልተደናገሩም። በማሞግራም፣ ማለትም በጡት ራጅ፣ ላይ የሚታየው እብጠት አደገኛ መሆን አለመሆኑን ለዩ ሲባሉ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የተለማመዱባቸውን ምስሎች በልምምድ ብዛት ያዙ፤ አዲሶቹ ላይ ከግምት አላለፉም። የልምምዱን ውጤት ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም "ተማሩ" ይል ነበር።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በልምምድ አሰጣጣችን አላሳብብም። ነገር ግን በቲቶሪያል ስም ያለፉትን ዓመታት ጥያቄ ከነመልሱ ደጋግሞ ማስጠናት፣ የማሞግራሙን ልምምድ በልጆቻችን ላይ መድገም ነው።

ሐረር ለተሻለው መንገድ የታደለች ከተማ ናት። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶች ጎነ ሦስትን በየአቅጣጫው ያሳያሉ፤ አንዱ ጫፉ ወደ መሀል፣ ሌላው ወደ ጠርዝ፣ ቀለማቸውም ልዩ ልዩ። አንድ ስፌት ወደ ክፍል ይምጣና ተማሪዎች ይከራከሩበት። በክቡ ዙሪያ የተሰፋው ቅርጽ መሠረቱ ጎብጦ ከታየ ጎነ ሦስት ልንለው እንችላለን? ይህ ጥያቄ አሥር የሰሌዳ ሥዕል ያላስያዘውን ያስይዛል፤ ምክንያቱም ሬይኖልድስ እንዳሳየው መምህሩ ያሰበውን ምልክት ከሌሎቹ ነጥሎ የሚያወጣው ለያይቶ ማሳየት ነው።

ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ መጽሐፉን መጨረስ ግዴታ በሆነበት ጊዜ ይህ ከየት ይመጣል የሚሉ መምህራን አሉ። ጭንቀታቸው እውነት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየወሩ ከምናወጣው ፈተና ግማሹ ተማሪዎች በተለማመዱት ዓይነት፣ ግማሹ ደግሞ በዚያው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በጭራሽ ባላዩት መልክ ይቅረብ፤ የሁለቱም ነጥብ ለየብቻ ተመዝግቦ ለወላጅ ይድረስ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት የታየበት ምዕራፍ፣ መጽሐፉ ላይ ቢያልቅም፣ በሌሎች ምሳሌዎች እንደገና ይሰጥ።