ልጣጩን ስጡኝ፣ ፌስታሉን ግን ፍቱት

ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ብሶት ነውና። ድንች የላጠ፣ ጎመን የቀነጠሰ፣ እንጀራ የተረፈው ሁሉ በጎቼን ያስታውሳል። ያቃጠለኝ አሰጣጡ ነው። ልጣጩ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ፌስታሉ ጥብቅ ተደርጎ ይቋጠራል። ከዚያ በአጥር ላይ ዱብ! ቤት ካለሁ ሮጬ አነሳዋለሁ። ከሌለሁ በጎቹ ከነፌስታሉ ይበሉታል።

አዎ፣ ይበሉታል። ይሄን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። "እንስሳ የሚበላውን ያውቃል" ይሉኛል። የት ያውቃል? በግ የሚያምነው አፍንጫውን ነው። ፌስታሉ ምግብ ምግብ ይሸታል። ጨው ከነካው፣ የወጥ ትራፊ ከፈሰሰበት ደግሞ ይልሰዋል፣ ያኝከዋል፣ ይውጠዋል። ጨውና ማዕድን ያጠረው በግማ ጨርቅም፣ ገመድም፣ ካርቶንም አይመርጥም። ለዚህ ብዬ አሞሌ ጨው ማደሪያቸው ውስጥ አስሬላቸዋለሁ። ይጠቅማል። የሽሮ ሽታ ያለው ፌስታል ፊቱ ወድቆለት ትቶት የሚያልፍ በግ ግን እስከዛሬ አላየሁም።

የምኖረው ጉለሌ ነው፣ ከእንጦጦ በታች። ግቢዬ ጠባብ ነው። ቤቱና ኩሽናው ከወሰዱት የተረፈችው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከደነች የበጎች ማደሪያ አለችኝ። የማረባው የመንዝ በግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር ነው፣ ብርድ ይችላል፣ መኖም አያበዛም፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ግቢ የተመቸ ነው። ፉርሽካ እገዛለሁ፣ ፋጉሎ ትንሽ ትንሽ እቀላቅላለሁ፣ ድርቆሹን ከሱሉልታ የሚያመጡ ሰዎች አሉ። ሁሉም በየጊዜው ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ የጎረቤት ልጣጭ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አትስጡኝ እያልኩ አይደለም። ስጡኝ!

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት በግ ሞተችብኝ። አርግዛ ነበር። የበግ እርግዝና አምስት ወር ገደማ ነው፤ እሷ ለመውለድ ብዙም አልቀራትም። መጀመሪያ ፉርሽካውን መተው ጀመረች። ከሌሎቹ ተለይታ ግድግዳ ተጠግታ ትቆማለች። ጆሮዋ ወደቀ። ማመስኳት አቆመች። ያመሰኳ የነበረ እንስሳ ዝም ሲል በግ ያረባ ሰው ሆዱ ይባባል። ግራ የገባኝ ግን ሆዷ ነው። ሆዷ ሙሉ ነው፣ ጀርባዋን ስዳስሰው አጥንት ነው። ያየኝ ሁሉ "እርግዝናው ነው" አለኝ።

ሐኪም ጠራሁ። ከግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ በጡጫው ጫን እያደረገ ቆየ። በጤናዋ ቢሆን እዚያ ጋ ጨጓራዋ ሲንቀሳቀስ ለእጅ ይታወቃል። "ደረቅ ነገር አለ" አለኝ። "ፌስታል ይበላሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ፌስታሉን የሚያሟሟ መድኃኒት ካለ ጠየቅኩት። የለም። ትል ቢሆን መድኃኒት አለው። ሆዷ በጋዝ ቢነፋ ዘይት ይሰጣታል፣ ሌላም ዘዴ አለው። ፌስታል ግን ሆድ ቀዶ ከማውጣት በቀር መላ የለውም። እሷ ደግሞ በዚያ አቅሟ ቀዶ ጥገናውን የምትችል አልነበረችም።

ከሞተች በኋላ አስከፈትኳት። በክት ናት፣ የሚበላ ነገር የላትም፤ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ከጨጓራዋ የወጣው ነገር በሁለት እጅ የሚያዝ ድብልብል ነው። ጥቁር ፌስታል፣ ቢጫ ፌስታል፣ የድርቆሽ ሲባጎ፣ የማዳበሪያ ክር፣ በመሃሉ ሣር ተጠምጥሞ ድርቅ ብሏል። ባልዲ ውስጥ ውሃ አድርገን አንድ በአንድ ፈታታነው። አንዱ ጥቁር ፌስታል ቋጠሮው እንዳለ ነው። ስንት ጊዜ እንደታኘከ፣ ስንት ወር እዚያ እንደቆየ እግዚአብሔር ይወቀው። ቋጠሮው አልላላም። በጣቴ ፈታሁት። ውስጡ የድንች ልጣጭ የነበረ ጥቁር ዝቃጭ አለ።

ያ ፌስታል ከመንገድ በነፋስ የመጣ አይደለም። ሰው ቋጥሮ፣ ለበጎቼ ብሎ የወረወረው ነው።

ፌስታል በግ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው ስለሚበዛ ላስረዳ። በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ሆዱ አራት ክፍል አለው። የበላው መጀመሪያ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ያብላሉታል። ከዚያ እየመለሰ ያመሰኳዋል። ደቅቆ ደቅቆ ሲያበቃ ነው በጠባቧ መተላለፊያ ወደ ሽንፍላ የሚያልፈው። ፌስታል አይደቅም። አይብላላም። ስለዚህ አያልፍም። እዚያው ይቀመጣል፣ የሚቀጥለውን ፌስታል ይጠብቃል። ሲባጎው ይጠመጠምበታል። እየቆየ ቦታውን ይይዛል፤ በጉም የጠገበ መስሎት መብላት ይተዋል። ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል ማለት ነው። መተላለፊያዋን ከዘጋ፣ ጋዙም መውጫ ካጣ ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። አንድ ፌስታል የግድ አይገድልም። ለዚህ ነው የሰጠው ሰው የማያውቀው። ሲሰጥ በጉ ደህና ነበር፣ በነጋታውም ደህና ነው፣ ከወራት በኋላ ሲሞት "ምን ነካው?" ይባላል።

ከሞተችው በኋላ አጥር ለአጥር ያሉትን እትዬን አናገርኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አክብሬ ነው ያናገርኳቸው። "እትዬ፣ ልጣጩን ገልብጠው ይስጡኝ፣ ፌስታሉ በጎቹን እየገደለብኝ ነው" አልኳቸው። ደነገጡ። "ውይ ልጄ፣ እኔ አጥር ላይ እንዳይበተን ብዬ እኮ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ራሳቸው በሳህን ያመጣሉ። ሠራተኛቸው ግን ያው ትወረውራለች። ተከራዮቹም ይወረውራሉ። አንዱ ወጣት ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ታዲያ በግ ከተማ ውስጥ ማን አርቢ አለሽ?"

ይቺ ንግግር ታበግነኛለች። አንደኛ፣ የከተማ ግብርና እያሉ ጓሮ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ያምርት የሚሉን የመንግሥት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህማ በቴሌቪዥን የሚታየው ይሄው ነው፤ ዶሮው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ። ሁለተኛ፣ የእኔን በጎች ተዉአቸው። ፋሲካ ሲቃረብ፣ አረፋ ሲቃረብ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ከገጠር ተጭነው የሚመጡት በጎች የት ነው የሚውሉት? መንገድ ዳር። ምን እየበሉ? ሣር የለም። ገንዳ ሥር ያለውን ነው የሚለቃቅሙት። እኛ ወገቡን ጨብጠን፣ ላቱን መዝነን፣ ተከራክረን እንገዛዋለን። ሆዱ ውስጥ ያለውን ማን ያያል?

የሚያዩት ጨጓራ የሚያጥቡት ናቸው። የበዓል ለት ዱለት ይሠራ ተብሎ ጨጓራው ሲገለበጥ፣ ከፈርሱ ጋር ፌስታል ሲወጣ ያላየ የአዲስ አበባ ቤት ካለ ደስ ይለኛል። እናቶቻችን ያወጡታል፣ ይጥሉታል፣ አጥበው ይከትፋሉ። ሲወራ አይሰማም። እኔ ራሴ የሰው ቤት ሳጥብ ከአንድ ጨጓራ ስመዝ የቆየሁበት ቀን አለ። ባለቤቱ ሲያዩ "የዘንድሮ በግ" ብለው አለፉት።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክሏል። እስኪ ከሱቅ የምናመጣውን ስስ ፌስታል በጣታችሁ ያዙት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስሰማ እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ኬንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ስትከለክል ከተነሱት ነገሮች አንዱ ናይሮቢ ቄራዎች ውስጥ ከከብት ሆድ የሚወጣው ፌስታል ነበር። እኛስ የበግ አገር ሆነን ይሄን ለማንሳት ምን ይዞን ነው? ስለ ጎርፍ፣ ስለ ቱቦ መዘጋት፣ ስለ ከተማ ውበት ይወራል። ጥሩ ነው፣ ይወራ። ስለ ከብቱ ሆድ የሚናገር ግን ብዙም አልሰማሁም።

ሱቅ ሂዱ። ሁለት ሎሚ ስትገዙ ፌስታል። ሽንኩርት ስትገዙ "እንዳይቀደድ ልደርብልሽ?" ብሎ ፌስታል በፌስታል ላይ። ዘንቢል ይዤ ስሄድ ልጁ ገርሞት ያየኛል። ያ ፌስታል ቤት ገብቶ ምን ይሆናል? ቆሻሻ ይቋጠርበታል። ከዚያ ወይ ቦይ ይገባል፣ ወይ የእኔ ግቢ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከላይ ሰፈር የሚመጣው ጎርፍ በአጥሩ ሥር ይዞልኝ ይገባል። ጠዋት ጠዋት በጎቹን ሳልፈታ ግቢውን እለቅማለሁ። ይሄ የበግ እርባታ ሥራ ነው? ሆኗል።

ድርቆሽ ሻጮችም ስሙኝ። ሲባጎውን በቢላ ቆርጣችሁ እዚያው ድርቆሹ ውስጥ አትተዉት። ፉርሽካ የምትሸጡም፣ የማዳበሪያውን አፍ ስትከፍቱ ክሩን መዝዛችሁ አውጡት። ክር ከፌስታል አይሻልም፤ እንደ ቀበቶ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስረው እሱ ነው።

እኔ በሬ ላይ ባልዲ ሰቅያለሁ። ክዳን አለው፣ ውሻ አይደርስበትም። ልጣጫችሁን አምጡና ገልብጡ። ፌስታሉን ይዛችሁት ተመለሱ። እጅ መታጠቢያ ውሃ ከፈለጋችሁ ግቡ፣ ቧንቧው እዚያው ነው። የድንች፣ የካሮት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠል፣ የአተር ገለባ ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። የሻገተ እንጀራና ዳቦ ግን አታምጡ። ሊጥም አይሆንም። የተረፈ ስንዴና በቆሎ አብዝታችሁ አታምጡልኝ፤ በግ እህል ድንገት ከበዛበት ሆዱ ኮምጥጦ ሊሞት ይችላል። ሽንኩርት ተዉት። አረንጓዴ የሆነ ድንችም እንደዚሁ።

አጥር ለአጥር የምትወረውሩ፣ ስማችሁን አላነሳም፣ ታውቁታላችሁ። በሩን አንኳኩ። ቤት ከሌለሁ ባልዲው አለ። ባልዲው ከሞላ መሬት ላይ ገልብጡት፣ እኔ እጠርገዋለሁ። መሬት የነካ ልጣጭ በግ አይገድልም።

ይሄን የምታነቡ ደግሞ የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ጨጓራው ሲታጠብ ቁሙና እዩ። ፌስታል፣ ሲባጎ፣ ምንም ይሁን ምን ከወጣ ፎቶ አንሱት። እዚህ ሥር ለጥፉልኝ፣ በጉን የገዛችሁበትን ሰፈርም ጻፉበት። ሰብስቤ ወረዳ ይዤው እሄዳለሁ።