ለጨዋታው የመጣችሁ ለጉባኤው የት ሄዳችሁ?

የቱሉ ዲምቱ ሰዎች፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ላመሰግናችሁ አልተነሣሁም። ልጆቻችን በግቢያችን ሜዳ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ በረንዳው ሁሉ ሰው በሰው ይሆናል። ታፏጫላችሁ፣ ታጨበጭባላችሁ፣ አሰልጣኙን ታርማላችሁ፣ ዳኛውን ትሳደባላችሁ። የዚያው ሜዳ ጉዳይ የሚታይበት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ግን ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም። ጥቂት ጡረተኞች ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሰብሳቢው ይቅርታ ጠይቆ ይበትናቸዋል። ኋላ የሜዳው ግማሽ ለመኪና ማቆሚያ ተሰጠ ሲባል ትነሣላችሁ፤ «ሜዳችንን!» ትላላችሁ። ሜዳው የእናንተ መሆኑን ማን መሰከረ? ቃለ ጉባኤው ላይ የማን ፊርማ አለ?

ከልጆቻችን አንዱ ከሰልባጅ የተገዛ አረንጓዴና ቢጫ ማልያ አለው። ደረቱ ላይ ሶኒክስ፣ ጀርባው ላይ 20 ቁጥር። ቁጥሩ የቡድኑ ዝነኛ ተጫዋች የነበረው የጋሪ ፔይተን ነው። ቡድኑ አሁን የት እንደሚጫወት ጠየቀኝ፤ የትም እንደማይጫወት ስነግረው የቀለድሁበት መስሎት ሳቀ። ታሪኩን ለእሱ ከነገርሁት በኋላ ለእናንተም መንገር እንዳለብኝ ገባኝ፤ ከእሱ ይልቅ የሚመለከተው እናንተን ነውና።

ሶኒክስ በሙሉ ስሙ ሱፐርሶኒክስ ይባላል፤ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ይጫወት የነበረ ቡድን ነው። በሲያትል ከተማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የአሜሪካ ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ስሙን ያገኘው ቦይንግ እዚያው ከተማ ሊሠራው ከተነሣው፣ ከድምፅ ከሚፈጥን አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ በወረቀት ቀረ፤ ቡድኑ ግን ሥጋ ለበሰ። በ1977 መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 22 ጨዋታዎች 17ቱን ተሸንፎ መሳቂያ ሆኖ ነበር። አሰልጣኙ ተነሣ፤ ቀድሞ ለቡድኑ የተጫወተው ሌኒ ዊልከንስ ተተካ። በእሱ እጅ ከቀሩት 60 ጨዋታዎች 42ቱን አሸነፉ፤ እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ዘልቀው በገዛ ከተማቸው በዋሽንግተን ተረቱ። በዓመቱ ያንኑ ዋሽንግተንን በፍጻሜው አገኙት። አራት ለአንድ አሸንፈው የ1979ን ዋንጫ ወሰዱ። ጃክ ሲክማን፣ ዴኒስ ጆንሰንንና ገስ ዊልያምስን ለሲያትል ሽማግሌ ብትጠሩለት የእኛ አባቶች ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወሩ የሚታይባቸው ፊት ይታይበታል።

በዘጠናዎቹ ደግሞ ፔይተንና ሾን ኬምፕ መጡ። አንዱ ኳስ ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ሌላው ከሰው ሁሉ በላይ ዘሎ ቀለበቱ ውስጥ ይሰካል። በ1994 ከ82 ጨዋታ 63ቱን አሸንፈው ከምድባቸው አንደኛ ሆኑ፤ በመጀመሪያው ዙር ስምንተኛ ሆኖ ያለፈው ዴንቨር ጣላቸው። በዚያ ሊግ ስምንተኛው አንደኛውን ጥሎ አያውቅም ነበር። ኮንጓዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ኳሷን ከራሱ በላይ በሁለት እጁ ይዞ የሚስቅበት ምስል የዚያ ቀን ነው። ሲያትልን ብወድም በዚያ ምስል ከመደሰት አልቦዝንም፤ የአፍሪካ ልጅ ሲስቅ ማየት የት ይገኛል! በ1996 ደግሞ 64 ጨዋታ አሸንፈው ለፍጻሜ ቀረቡ፤ ማይክል ጆርዳን ያለበት ቺካጎ አራት ለሁለት አሸነፋቸው።

በዚያው ክረምት ባለቤቶቹ ጂም ማኪልቬን ለተባለ፣ ነጥብ ማስቆጠር ለማይሆንለት ቁመተ ረጅም ተጫዋች የሰባት ዓመትና የ33 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረሙለት። የቤቱ ምሰሶ ኬምፕ የገዛ ውሉ እንዲሻሻል ፈልጎ ጊዜው ገና ነው ተብሎ ነበር። አኮረፈ፤ በ1997 ለሌላ ቡድን ተሰጠ። በ1998 አሰልጣኙ ጆርጅ ካርል ሄደ፣ በ2003 ፔይተን ራሱ። ይህን ሁሉ ቡድን ይችለዋል። ተጫዋች ያረጃል፣ አሰልጣኝ ይሰናበታል፤ ሌላ ይመጣል። የሲያትል ቡድን የጠፋው ሜዳ ላይ አልነበረም።

በ2001 የቡና ኩባንያው የስታርባክስ ሊቀ መንበር ሃዋርድ ሹልትስ ከሸሪኮቹ ጋር ቡድኑን በ200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። እንግዲህ የከተማው ነጋዴ ነው፣ ማን ይሰጋል? ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ አይበቃኝም፣ በሕዝብ ገንዘብ አድሱልኝ አለ። ሹማምንቱ እሺ አላሉትም። እሱም በሐምሌ 2006 ቡድኑን በ350 ሚሊዮን ዶላር ለኦክላሆማ ሰዎች ሸጠው። የገዢዎቹ መሪ ክሌይ ቤኔት በሲያትል አዳራሽ ለማግኘት ለአሥራ ሁለት ወር በቅን ልቦና እጥራለሁ ብሎ ቃል ገባ። የከተማው ሰው ይህን ቃል ይዞ ተኛ።

ወዲያው በኅዳር የሲያትል መራጮች፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ ከተማው ተገቢ ትርፍ ለማያመጣ የስፖርት አዳራሽ ገንዘብ እንዳያወጣ ወሰኑ። በዚህ እኔ አልወቅሳቸውም። ባለ ሚሊዮኖች ለሚነግዱበት አዳራሽ የደሃ ግብር መክፈል ምን ጽድቅ አለው? ደግሞም ያ አይታደስም የተባለው አዳራሽ ኋላ በግል ገንዘብ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት፣ በ2021 እንደ አዲስ ተከፍቷል። ጥፋታቸው ሌላ ነው፦ ገንዘብ አንሰጥም ካሉ በኋላ ቡድኑ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ነበረባቸው። ያን ጥያቄ ለሁለት ዓመት አዘገዩት።

በ2007 አዲሶቹ ባለቤቶች ምርጡን ተጫዋች ሬይ አለንን ለቦስተን ሰጡ፤ ራሻርድ ሉዊስም ሄደ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ኬቪን ዱራንትን አምጥተው የፈረሰ ቡድን አሸከሙት። በዚያ የውድድር ዓመት ከ82 ጨዋታ ያሸነፉት 20 ብቻ ነው። ከቤኔት ሸሪኮች አንዱ ቡድኑን የገዛነው ሲያትል ልናስቀምጠው አይደለም የሚል ነገር ለጋዜጣ ተናገረ፤ ሊጉ 250 ሺህ ዶላር ቀጣው። ባለጸጋ እውነት ስለተናገረ ሲቀጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሚያዝያ 2008 ቡድኑ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ይሂድ ወይስ አይሂድ ተብሎ የሊጉ ቡድኖች ባለቤቶች ድምፅ ሰጡ፦ 28 ይሂድ፣ 2 አይሂድ።

በሰኔ ነገሩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የዚያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ ማልያውን ለብሶ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆሞ ቡድናችንን አትውሰዱ ብሎ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከተማው በእጁ የቀረው እስከ 2010 የሚያገለግል የአዳራሽ ኪራይ ውል ነበር፤ እሱንም በሐምሌ 2 ቀን፣ ዳኛዋ ፍርዷን ልታሰማ ሰዓታት ሲቀሯት፣ በ45 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ለቀቀው። ስሙና ቀለሙ ለሲያትል ይቅር ተባለ። አርባ አንድ ዓመት የቆየው ቡድን ሌላ ስም ወጥቶለት ኦክላሆማ ሲቲ ገባ፤ በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። ከእኛ ግቢ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተነሥተው ያንን ፍጻሜ ያዩ እንዳሉ አውቃለሁ። ለዚያ የነቃችሁ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለተጠራ ስብሰባ እንቅልፍ ያዘን ትላላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ሲያትሎች ቢያንስ ፍርድ ቤት ይዘውት የሚቀርቡት ውል ነበራቸው። እኛስ? የእኛ ልጆች የአካባቢውን ግቢዎች ሁሉ ያሸነፉበት ዘመን ነበረ፤ በተለይ ሴቶቹ። የስፖርት መምህር የሆነ ጎረቤታችን ያለ አንድ ብር ክፍያ ያሠለጥናቸው ነበር። ከዚያ መኪና ገባ። ለጊዜው ነው ተባለ፣ ለማታ ብቻ ነው ተባለ፣ ገቢው ለጥበቃ ደመወዝ ነው ተባለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዛሬ ሄዳችሁ እዩት፤ የሦስት ነጥብ መስመሩን የሚኒባስ ጎማ በልቶታል፣ ከቀለበቱ ሥር ዘይት ፈስሷል። ልጆቹ ከመጫወታቸው በፊት ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ ለምነው ያመጣሉ፣ ዘይቱ ላይ ይበትናሉ፣ በእግራቸው ያሻሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ኳስ ያነሣሉ። ያም ሆኖ የሚያንሸራትት አለ። መምህሩ የልጅ ጉልበት ቢሰበር በእኔ ነው ብሎ ተወው፤ ልክ ነው። እሱ ሲቀር ሴቶቹ ልጆችም መጫወቱን ተዉት። ኮሚቴውን አትርገሙ፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን የተቀመጡ አምስት ሰዎች የጥበቃ ደመወዝ ከየት ያምጡ?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ የግቢው የጋራ መጠቀሚያ የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶች ማኅበር ነው። ይህን ያህል ሥልጣን ሕግ ሰጥቷችኋል። እናንተ ግን ለእድር ትሮጣላችሁ፤ ለምን ቢባል በእድር ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ለምትቀብሩት ሰው የምትከፍሉትን ጊዜ በሕይወት ላለ ልጃችሁ ከለከላችሁት። እንግዲያውስ ማኅበሩም ስም ይጥራ፣ መቅረትም ያስቀጣ! መተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻል የሚችለው ግን ያው የማትመጡበት ጉባኤ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፦ በግቢያችን ከሚኖረው ብዙው ተከራይ ነው። ልጁ ሜዳ ላይ ይውላል፣ እሱ ግን ድምፅ የለውም። ድምፅ ያለው ባለቤት ከተማ መሀል ነው፣ ወይም ውጭ አገር ነው፤ ቤቱን የሚያውቀው ኪራይ ባንክ ሲገባለት ነው። ኦክላሆማ ሩቅ አይደለም፣ ወገኖቼ። ውጭ ያላችሁ ባለቤቶች፣ ከእናንተም ሲያትል የምትኖሩ አታጡም፣ የዚያን ከተማ ሐዘን አይታችሁ በቱሉ ዲምቱ ክሌይ ቤኔት መሆን ምን ይሉታል? ተከራዮችም ድምፅ የለንም ብላችሁ አፋችሁን አትዝጉ። ባለቤቱ ኪራይ ሊጨምር ሲደውልላችሁ ስለ ሜዳው አንሡበት፤ ውክልና እንዲሰጥ ወትውቱት።

ወረቀት የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉም አላችሁ። ሹልትስ ቡድኑን በሸጠበት ዓመት ይኸው የእኛ መንግሥት ከእሱ ኩባንያ ጋር ስለ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ ቡና ስም ይከራከር ነበር። ቡናውን ያበቀልነው እኛ መሆናችንን የካደ አልነበረም፤ ክርክሩ ስሞቹ በእኛ የንግድ ምልክትነት ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት የተፈረመው በጉዳዩ የገፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። አገር ለቡናዋ ያደረገችውን እናንተ ለአንድ ሜዳ አታደርጉም?

ሥራ ይበዛብናል ትላላችሁ። አውቃለሁ፤ ከጎሕ በፊት አውቶቡስ ለመያዝ የሚሰለፈውን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተገፍቶ የሚገባውን ሁሉ አያለሁ። ለዚህ ነው ጉባኤው እሁድ የሚጠራው። በቅዳሴ ለሚያመካኝ ሦስት ሰዓት ላይ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ይበተናል፤ ለሌላው ምን ምክንያት እንዳለው እሱው ይንገረን።

ቀጣዩ ጉባኤ ሦስት ነገር ይወስናል፦ መኪናው ይውጣ ወይስ አይውጣ፣ የጥበቃው ደመወዝ ከየቤቱ በምን ያህል ይሸፈን፣ የሜዳው ጥቅም በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ለወረዳው ይቅረብ ወይስ አይቅረብ። ደመወዙን የምትሸሹ ካላችሁ በግልጽ ተናገሩና ተቃወሙ፤ ከቀረ ሰው የተቃወመ ሰው ይሻለኛል። የቤታችሁን ሰነድ ቅጂና መታወቂያ ያዙ። ውክልና ያላችሁ ዋናውን ወረቀት አምጡ፤ ባለፈው በፎቶ የመጡት ተቀባይነት አላገኙም። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ እዚህ መጥቶ እንደገና እስኪመዘገብ ድረስ ጊዜ ይፈጃል።